ከ«ጅብ ጥላ» እስከ መድኃኒት ቤት፦ የእንጉዳይና የዘመዶቹ ታሪክ

 

ክረምት በገባ ቁጥር ስለ እንጉዳይ የሚጠይቁኝ ይበዛሉ። «ዶክተር፣ ልጆቹ ከመስክ ለቅመው አመጡ፣ ይበላል ወይ?» የምትል እናት አለች። «ከእንጉዳይ የተሠራ ቡና ስኳር በሽታን ያድናል አሉኝ፣ እውነት ነው?» የሚል አባት አለ። «በጾም ሥጋን ይተካልናል ወይ?» የሚሉም ብዙ ናቸው። ለሦስቱም መልስ አለኝ። መልሱ በደንብ እንዲገባችሁ ግን ዛሬ ጥቂት ታሪክ ላውራችሁ። ታሪኩ ከእስቴ መካነ ኢየሱስ መስክ ይነሣል፣ በወሎና በመጀንገር በኩል ያልፋል፣ አውሮፓና ጃፓን ደርሶ ይመለሳል። መጨረሻው እቤታችሁ፣ ምድጃው አጠገብ ነው። ረዘም ይላልና ጊዜ ስታገኙ ተረጋግታችሁ አንብቡት።

1. ስሙ ራሱ ማስጠንቀቂያ ነበር

የጉና ተራራ ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። በዙሪያው ያሉት እስቴ፣ ፋርጣና ላይ ጋይንት የገብስ፣ የስንዴና የድንች አገር ናቸው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ዝናቡ ሲጠና፣ ከብት በሚግጥበት መስክ፣ በባሕር ዛፍ ሥር፣ በበሰበሰ ግንድ ላይ፣ በቤተ ክርስቲያን አጸድ ውስጥ ማታ ያልነበረ ነገር ጠዋት ቆሞ ይገኛል። በዚያ አካባቢ ያደገ ሰው ይህን ሲያይ ቶሎ ወደ አፉ የሚመጣለት ስም «የጅብ ጥላ» ነው። ልጅ በእግሩ መትቶት ያልፋል፣ እረኛ በበትሩ ይቀነጥሰዋል። ወደ ቤት ይዞ የሚገባ ግን ብዙ የለም።

ይህ ስም እንዲሁ የወጣ አይመስለኝም። የጅብ የሆነን ነገር ማን ይነካል? በእኔ እይታ አያቶቻችን የሚበላውን ከሚገድለው ለይቶ የሚያሳይ አስተማማኝ ዕውቀት በእጃቸው ስላልነበረ፣ ሁሉንም ለጅብ ትተውለታል። በዚህም ስንት ልጅ እንደተረፈ እግዚአብሔር ይወቅ።

ሌላው የአገራችን ክፍል ግን ሌላ ታሪክ አለው። በደቡብ ምዕራብ ጫካ የሚኖሩት የመጀንገር ሰዎች የዱር እንጉዳይን በየዓይነቱ ለይተው ያውቃሉ፣ ይመገቡታልም። ኖቡኮ ቱኖ የተባሉ ጃፓናዊት ተመራማሪ ይህን የመጀንገር ዕውቀት እ.ኤ.አ. በ2001 ለዓለም አሳትመውታል። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ፣ አሶሳ ዞን፣ መንጌ ወረዳም ሕዝቡ እንጉዳይን ለምግብና ለባህል ሕክምና እንደሚጠቀምበት እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣ ጥናት ተመዝግቧል።

ታዲያ አንዱ አዋቂ፣ ሌላው አላዋቂ ነው ማለት አይደለም። የመጀንገር ልጅ እንጉዳይን የሚያውቀው ከሕፃንነቱ ጀምሮ በዚያው ጫካ ውስጥ ከታላላቆቹ ጋር እየዞረ ስለተማረ ነው። ያ ዕውቀት ከቦታው ጋር የተያያዘ ነው። በፎቶ፣ በቪዲዮ ወይም በቴሌግራም አይተላለፍም። የደጋው ሰው ጥንቃቄም እንዲሁ ዕውቀት ነው።

በእኛ ደጋ የሚበላ የዱር እንጉዳይ የለም ወይ? አለ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመታት እንጉዳይን ያጠኑት ዶ/ር ዳዊት አባተ፣ በብዙ አገር የሚበላው ነጩ የመስክ እንጉዳይ በኢትዮጵያ ደጋ እንደሚበቅል እ.ኤ.አ. በ1999 ጽፈዋል። በደቡብ ጎንደርም በአዲስ ዘመን አጠገብ ያለው የጣራ ገዳም ደን፣ በወረታና በደብረ ታቦር መካከል ያለው የአለም ሳጋ ደን በኢትዮጵያና በስፔን ተመራማሪዎች ተጠንተው የሚበሉም የማይበሉም ዓይነቶች ተመዝግበውባቸዋል። ችግሩ ከዚህ ይጀምራል። ነጩን የመስክ እንጉዳይ የሚመስሉ፣ በአፍሪካ በብዙ ቦታ የሚገኙ መርዛማ ዓይነቶች አሉ። አንደኛው በሣር ሜዳ ላይ ይወጣል፤ ሲያረጅ ከቆቡ ሥር ያለው ሽንትር አረንጓዴ ይሆናል። ገና ሲወጣ ግን ነጭ ስለሆነ ዓይን ያታልላል። የበላው ሰው በጥቂት ሰዓት ውስጥ ክፉኛ ያስመልሰዋል፣ ያስቀምጠዋል።

2. ንጉሥ የገደለ፣ መንገደኛ የተሸከመው

እንጉዳይ ዕፅዋት አይደለም፣ እንስሳም አይደለም። ፈንገስ የሚባል የራሱ ትልቅ ቤተሰብ አለው። የእንጀራችንን ሊጥ የሚያቦካው፣ ጠላና ጠጅ የሚያፈላው እርሾ የዚሁ ቤተሰብ ነው። በከረመ ዳቦ ላይ የሚታየው ሻጋታም ዘመዱ ነው። ይህን ዝምድና ልብ በሉልኝ፣ ወደኋላ እመለስበታለሁ።

የሰው ልጅ ከዚህ ቤተሰብ ጋር ያለው ትውውቅ እጅግ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 በጣሊያንና በኦስትሪያ ድንበር፣ በበረዶ ውስጥ ከ5,000 ዓመት በላይ የቆየ የአንድ ሰው አስከሬን ተገኝቶ ነበር። ሰውየው በጉዞው ላይ ሁለት ዓይነት የዛፍ እንጉዳይ ይዞ ነበር። አንደኛው እሳት ለመጫር ያገለግል የነበረ ነው። ሁለተኛውን ለመድኃኒትነት ሳይዘው አይቀርም ይባላል፤ ሆዱ ሲመረመር የአንጀት ትል እንቁላል ተገኝቶበታልና። እኛ ኮሶ እንጠጣ እንደነበረው ማለት ነው።

በሌላ በኩል የሮሙ ንጉሠ ነገሥት ቀላውዴዎስ እ.ኤ.አ. በ54 ዓ.ም. ሞተ። ታሲተስ የተባለው የሮም ታሪክ ጸሐፊ፣ ሚስቱ አግሪፒና በእንጉዳይ ምግብ ውስጥ መርዝ አድርጋ እንዳስገደለችው ጽፏል። አንዱ በረሃብና በሕመም መንገድ ላይ ተሸከመው፣ ሌላው በግብር ማዕድ ላይ ሞተበት። የእንጉዳይ ታሪክ ሁልጊዜ እንዲህ ሁለት መልክ አለው።

3. በ1970 ዓ.ም. ወሎ ላይ የደረሰው

አሁን ወደ አገራችን፣ ለጋይንትና ለስማዳ ጎረቤት ወደሆነው ወሎ ልውሰዳችሁ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ጉዳት ያደረሰው ባለ ቆብ እንጉዳይ አይደለም፤ ከእህል ጋር ተደባልቆ ቤት የገባ ዘመዱ ነው።

ኤርጎት የሚባል ፈንገስ አለ። በገብስ፣ በስንዴ፣ በተለይም በሲናር ዛላ ላይ ይወጣል። ፍሬው መሆን በነበረበት ቦታ ጥቁር ወይም ወይን ጠጅ ቀለም ያለው፣ ትንሽ ቀንድ የመሰለ ጠንካራ ነገር ይበቅላል። እ.ኤ.አ. በ1977 እና 1978፣ በእኛ አቆጣጠር 1970 ዓ.ም. ገደማ፣ ወሎ ውስጥ ከድርቅ በኋላ የገብሱን ማሳ ሲናር ወረሰው። ሲናሩም በኤርጎት ተይዞ ነበር። የራበው ሰው ያገኘውን ፈጭቶ በላ።

ከዚያ በኋላ የሆነው በሕክምና መጽሔቶች ተመዝግቧል። ሰዎች መጀመሪያ ሰውነታቸው ላይ ጉንዳን የሚሄድ መሰላቸው፣ እጅና እግራቸው ተቃጠለ፣ አስመለሳቸው። ቀጥሎ እግራቸው ቀዘቀዘ፣ ጠቆረ፣ ደረቀ። ከ140 በላይ ሰዎች ታመሙ። ከታመሙት ውስጥ 34 በመቶ ያህሉ ሞቱ። ከተጎዱት አብዛኞቹ ልጆችና ወጣቶች ነበሩ።

ምክንያቱ ምን ነበር? ኤርጎት ውስጥ ያሉት ንጥረ ነገሮች የደም ሥርን ያኮማትራሉ። ደም ያልደረሰው የእግር ጣት ይሞታል፤ ይህን ነው በሕክምና ጋንግሪን የምንለው። ሌላም ጉዳት አደረሱ። የእናት ጡት ወተት እንዲያመርት የሚያዝዘውን ፕሮላክቲን የተባለ ሆርሞን ያፍናሉ። በዚያ ዓመት ወሎ ውስጥ የእናቶች ጡት ደርቆ ሕፃናት በረሃብ ሞተዋል። የእናትየው እጅና እግር ደህና መስሎ፣ ልጇ ግን ጡቷ ላይ እንዳለ ይመነምናል። ከዚህ ታሪክ ውስጥ እስከዛሬ ከአእምሮዬ የማይጠፋው ይህ ነው።

ነገሩ በዚያ አላበቃም። እ.ኤ.አ. በ2001፣ በእኛ 1993 ዓ.ም. ገደማ፣ አርሲ ውስጥ በኤርጎት የተበከለ ገብስ የበሉ ሰዎች ላይ ይኸው በሽታ እንደገና ታየ።

አውሮፓ ይህን በሽታ በመካከለኛው ዘመን ክፉኛ ታውቀዋለች። የድሃው እንጀራ ከሆነው ራይ ከተባለው እህል ጋር ይመጣ ነበር። ቃጠሎው ጽኑ ስለነበር «የቅዱስ እንጦንስ እሳት» አሉት። ሕመምተኞችን የሚያስታምም በቅዱሱ ስም የተጠራ የመነኮሳት ማኅበር በ11ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ፈረንሳይ ውስጥ ተቋቋመ። እኛ አባ እንጦንስ የምንላቸው የመነኮሳት አባት መሆናቸው ነው። ሰዉ ለዘመናት እንደ መቅሠፍት ሲቆጥረው ኖረ። የኤርጎት የሕይወት ዑደት ተሟልቶ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1853፣ ቱላን በተባለ ፈረንሳዊ ሊቅ ጥናት ነው።

ገብስ ለሚያመርቱና ለሚበሉ ቤተሰቦች፣ በጉና ዙሪያም ሆነ በሌላ ደጋ፣ ትምህርቱ ይህ ነው፦

- ለቆሎ፣ ለበሶም ሆነ ለቂጣ የሚሆን ገብስ ሳይለቀም አይፈጭ። ከፍሬው የሚረዝም ጥቁር ቀንድ መሰል ነገር ካያችሁ አውጡት።
- የለቀማችሁትን ለዶሮ ወይም ለከብት አትስጡ። እነሱንም ይጎዳል፤ ያረገዘችን ላም ያስጨነግፋል። አቃጥሉት ወይም በጥልቀት ቅበሩት።
- ሲናር የበዛበት ማሳ ላይ በሚቀጥለው ዓመት ባቄላ ወይም አተር ዝሩ። ኤርጎት በጥራጥሬ ላይ አይኖርም።
- ከአንድ ቤት ሁለት ሦስት ሰው በአንድ ሰሞን እግሩ ከተቃጠለ፣ ከቀዘቀዘ ወይም ከጠቆረ፣ ወይም የምታጠባ እናት ያለ ምክንያት ወተቷ ከደረቀ፣ እህሉን ይዛችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ። እህሉን መብላትም በዚያው ቀን አቁሙ።

4. ያው ፈንገስ እናቶችን ሲያድን

የምነግራችሁ ቀጣዩ ነገር ብዙ ሰው ያስደንቃል። በወሎ እግር ያደረቀው ያው ፈንገስ በዓለም ዙሪያ ስፍር ቁጥር የሌላቸውን ወላዶች አትርፏል።

የአውሮፓ አዋላጆች ኤርጎት ማሕፀንን እንደሚያኮማትር ከ16ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ያውቁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1808 ጆን ስተርንስ የተባለ የኒውዮርክ ሐኪም ምጥ የሚያፋጥን ዱቄት ብሎ ለሐኪሞች አስተዋወቀው። ብዙም ሳይቆይ ግን ልጆች በማሕፀን ታፍነው መሞት፣ የእናቶችም ማሕፀን መቀደድ ጀመረ። በ1820ዎቹ ዴቪድ ሆሳክ የተባለ ሌላ ሐኪም ከመውለድ በፊት እንዳይሰጥ፣ ከወለዱ በኋላ ለሚመጣ ደም መፍሰስ ብቻ እንዲውል አስጠነቀቀ። ዱቄቱ ያው ነው፤ ልዩነቱ መቼና ስንት እንደሚሰጥ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1935 ለንደን ውስጥ ዱድሊና ሞይር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ከኤርጎት ውስጥ ማሕፀንን የሚያኮማትረውን ንጥረ ነገር ለይተው አወጡ። ኤርጎሜትሪን ይባላል። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ መጠኑ ተለክቶ በመርፌ መስጠት ተቻለ። ዛሬ ከወሊድ በኋላ ደም እንዳይፈስ በቅድሚያ የሚሰጠው ኦክሲቶሲን ነው። ኤርጎሜትሪን ግን እስካሁን ከአስፈላጊ መድኃኒቶች አንዱ ነው። የደም ግፊት ላለባት እናት አይሰጥም፤ ምክንያቱን ከላይ ካለው ታሪክ ትረዱታላችሁ፣ የደም ሥር ያኮማትራልና።

እዚህ ላይ አባቶችና ባሎች ስሙኝ። ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም እናትን በሁለት ሰዓት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ከሩቅ ቀበሌ እስከ መካነ ኢየሱስ በቃሬዛ የሚፈጀውን ጊዜ እናንተ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ስለዚህ የመውለጃዋ ጊዜ ሲቃረብ ጤና ጣቢያ ባለው የእናቶች ማቆያ ትቆይ፤ መድኃኒቱም የሚሰጠው እጅም ያለው እዚያ ነው።

ማይግሬን ላለባችሁ አንድ ነገር ልጨምር። ለከባድ ራስ ምታት የሚታዘዝ ኤርጎታሚን የሚባል ክኒን ከዚሁ ፈንገስ የመጣ ነው። ሪቶናቪር ያለበትን የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ኤርጎታሚን ከዋጠ ሁለቱ ተደራርበው የወሎውን ዓይነት ጋንግሪን ሊያመጡ ይችላሉ። ስለዚህ የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ለሐኪም ወይም ለፋርማሲ ባለሙያ ሳትደብቁ ንገሩ። ከጎረቤት ክኒን አትዋሱ።

5. ከሻጋታ የወጡ መድኃኒቶች

እ.ኤ.አ. በ1928 አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ለንደን በሚገኘው ቤተ ሙከራው ውስጥ ባክቴሪያ ያበቀለበት ሳህን ላይ ሻጋታ ወጥቶ አየ። ከሻጋታው ዙሪያ ያለው ባክቴሪያ ሞቶ ነበር። ፔኒሲሊን የተገኘው እንዲህ ነው። ዛሬ የልብ ቫልቮቻቸው በቁርጥማት በሽታ የተጎዱባቸው ልጆች በየወሩ የሚወስዱት መርፌ የዚህ ልጅ ነው። ወላጆች ሆይ፣ ያ መርፌ እንዳይቋረጥ። ጉሮሮ ሲታመም ተጀምሮ በልብ ላይ የሚያልቀውን በሽታ የሚከላከለው እሱ ነው።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ ጃፓናዊው አኪራ ኤንዶ ከሌላ ሻጋታ ኮሌስትሮል የሚቀንስ ንጥረ ነገር አገኙ። ከዚህ ዘር የመጣው ሎቫስታቲን እ.ኤ.አ. በ1987 አሜሪካ ውስጥ ለሕክምና ተፈቀደ። የሚገርመው ሎቫስታቲን በምንበላው የኦይስተር እንጉዳይ ውስጥም በጥቂቱ ይገኛል። «እንግዲያው ክኒኑን ትቼ እንጉዳይ ልብላ» እንዳትሉ። በሳህን የምትበሉት እንጉዳይ ውስጥ ያለው መጠን አይታወቅም፣ ከቀን ቀንም ይለያያል። ክኒኑ ግን የተለካ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1969 ከኖርዌይ በመጣ አፈር ውስጥ ከተገኘ ፈንገስ ሳይክሎስፖሪን ወጣ። የሰውነት መከላከያ የተተከለን ኩላሊት እንዳይገፋ ያረጋጋዋል። በ1980ዎቹ ንቅለ ተከላን የተለመደ ሕክምና ያደረገው ይህ መድኃኒት ነበር። አገራችን በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የኩላሊት ንቅለ ተከላ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው።

6. «ጋኖደርማ ያድናል ወይ?»

አሁን የአባትየውን ጥያቄ ልመልስ። ጋኖደርማ በዛፍ ላይ የሚወጣ፣ ጠንካራና የሚያብረቀርቅ እንጉዳይ ነው። በቻይናና በጃፓን ለብዙ ዘመናት በባህል ሕክምና ሲከበር ኖሯል። ዛሬ በቡና፣ በሻይና በካፕሱል ተደርጎ ከሰው ወደ ሰው በሚሸጥበት መንገድ እኛ ዘንድ ደርሷል። «ስኳር፣ ግፊት፣ ካንሰር ያድናል» እየተባለ ውድ ዋጋ ይከፈልበታል።

ጥናቶቹ ምን ይላሉ? ኮክሬን የሚባለው፣ በዓለም ዙሪያ የተሠሩ ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝን ተቋም ጋኖደርማን መርምሯል። ለካንሰር ዋና ሕክምና ሆኖ እንዲሰጥ የሚያበቃ ማስረጃ አላገኘም። በዓይነት ሁለት ስኳር ሕመም ላይም የደም ስኳርን ወይም ግፊትን እንደሚቀንስ የሚያሳይ ማስረጃ አላገኘም። ጃፓን ውስጥ ከእንጉዳይ የወጡ ሁለት መድኃኒቶች፣ ፒኤስኬ እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ፣ ሌንቲናን ደግሞ ከ1980ዎቹ ጀምሮ፣ ለካንሰር ሕመምተኞች ተሰጥተዋል። ይሁን እንጂ ይሰጡ የነበረው ተጣርተው፣ ከኬሞቴራፒ ጋር በረዳትነት ነበር። ኬሞቴራፒን ተክተው አይደለም።

የእኔ ጭንቀት ቡናው አይደለም። ኢንሱሊኑን ወይም የግፊት ክኒኑን አቁሞ ቡናውን የሚጠጣ ሰው ነው። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎችም ጋኖደርማ ከደም መፍሰስ ጋር ሊያያዝ ስለሚችል ሐኪም ሳያማክሩ አይውሰዱ።

7. በሸክላ ማሰሮ የተጀመረው እርሻ

ወደ ማዕድ እንመለስ። ዶ/ር ዳዊት አባተ እ.ኤ.አ. በ1995 ያሳተሙት ጽሑፍ የኦይስተር እንጉዳይን በባህላዊ የሸክላ ዕቃ ውስጥ ስለማብቀል ነበር። ከዚያ ወዲህ ዘርፉ እያደገ መጥቶ ዛሬ አዲስ አበባና ሌሎች ከተሞች ውስጥ ወጣቶችና ሴቶች ተደራጅተው በጭድ፣ በጥጥ ፍሬ ገለባና በሰጋቱራ ላይ ያለሙታል። ጭዱ ተቀቅሎ ይቀዘቅዛል፣ የእንጉዳዩ ዘር ይደባለቅበታል፣ በላስቲክ ከረጢት ተደርጎ ጨለም ባለ ክፍል ይቀመጣል፤ በሳምንታት ውስጥ ይደርሳል። የጤፍና የስንዴ ጭድ ላለው የእስቴ ገበሬ ይህ መልካም ሥራ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፦ ከደረሰ እንጉዳይ የሚበንነው ደቃቅ ብናኝ ሳንባ ያስቆጣል። ክፍሉ አየር ይኑረው፣ ሲለቀም አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፣ አስም ያለበት ሰው አይሥራው።

በጾም ሥጋን ይተካል ወይ? ቁጥሩን ተመልከቱ። 100 ግራም ጥሬ እንጉዳይ ውስጥ ከ90 ግራም የማያንስ ውኃ ነው፤ ፕሮቲኑ 3 ግራም ያህል ነው። ያው መጠን ያለው የበሰለ ምስር 9 ግራም ፕሮቲን ይሰጣል። ስለዚህ እንጉዳይ ጥብስ ለጣዕም፣ ለፖታሲየምና ለቢ ቫይታሚኖች ጥሩ ነው፣ ቅባቱም አነስተኛ ነው። ሰውነት የሚገነባው ግን ሽሮው፣ ምስሩና ባቄላው ነው። ቢ 12 የተባለውን ቫይታሚን ከእንጉዳይ በበቂ መጠን አታገኙም።

እንጉዳይ ፀሐይ ሲነካው ቫይታሚን ዲ ይሠራል። ከመብሰሉ በፊት ተቆራርጦ እኩለ ቀን ላይ ጥቂት ፀሐይ ቢሰጣ ይጠቅማል። ለሕፃናት ግን በዚህ አትተማመኑ። አዲስ አበባ ውስጥ በተሠራና እ.ኤ.አ. በ1997 በታተመ ጥናት፣ ሪኬትስ ያለባቸው ልጆች ለሳንባ ምች ይበልጥ የተጋለጡ መሆናቸው ታይቷል። የደጋ እናቶች ብርዱን ፈርታችሁ ልጁን ጠቅልላችሁ አታቆዩት። ከነፋስ ከልላችሁ እጅና እግሩን ገልጣችሁ ፀሐይ አሙቁት።

አሠራሩ ቀላል ነው። ከታወቀ አምራች የተገዛውን እንጉዳይ በቶሎ እጠቡ፣ ቆራርጡ፣ በሽንኩርት፣ በነጭ ሽንኩርትና በዘይት ውኃው እስኪመጥ ጥበሱት፤ ቃሪያ ወይም በርበሬ ጨምሩበት። ጥሬውን አትብሉ። የሚለጠልጥ፣ የሚሸት፣ የጠቆረ ከሆነ ጣሉት። ለልጅ መጀመሪያ ጥቂት፣ በደቃቁ ተከትፎና በደንብ በስሎ ይሰጥ። ፖታሲየም እንድትቀንሱ የተነገራችሁ የኩላሊት ሕሙማን ከመብላታችሁ በፊት ሐኪማችሁን ጠይቁ።

8. ልጅ የዱር እንጉዳይ ከበላ

የመጀመሪያዋ እናት ጥያቄ ይህ ነበር። መልሴ አጭር ነው፦ ልጆች ከመስክ ያመጡትን አትብሉ። «ከብት ከበላው ሰውም ይበላዋል»፣ «ትል ከገባበት መርዝ የለውም»፣ «ከነጭ ሽንኩርት ጋር ተቀቅሎ ካልጠቆረ ደህና ነው» የሚባሉት ሁሉ ስሕተት ናቸው። ገዳዮቹ እንጉዳዮች የያዙት መርዝ በመቀቀልም በመድረቅም አይጠፋም።

እጅግ አደገኛው መርዝ ጉበትን የሚያጠቃው ነው። ወዲያው አያምም። ከበሉት ከ6 እስከ 24 ሰዓት ቆይቶ ትውከትና ተቅማጥ ይጀምራል። በማግስቱ ጋብ ይላል፣ ቤተሰቡም «ተመስገን፣ ዳነ» ይላል። በዚያ ጊዜ ግን ጉበቱ እየሞተ ነው። ሁለት ሦስት ቀን ቆይቶ ዓይኑ ቢጫ ይሆናል፣ ይደማል፣ ራሱን ይስታል። ስለዚህ ዘግይቶ የጀመረ ትውከት ቶሎ ከጀመረው ይበልጥ ያስፈራል።

- በልቶ ባይታመምም ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። አብረው የበሉት ሁሉ ይሂዱ።
- እንዲያስመልስ አታስገድዱ። ወተት፣ ዘይት፣ አረቄ ወይም የባህል መድኃኒት አትስጡ።
- የበላበትን ሰዓት መዝግቡ። የተረፈውን እንጉዳይ በወረቀት ጠቅልላችሁ ይዛችሁ ሂዱ።
- ጋብ ቢልለትም ሐኪም ሳይፈቅድ ከተኛበት አታውጡት።

በሆስፒታል መርዙን የሚመጥ የሕክምና ከሰልና በደም ሥር ፈሳሽ ይሰጠዋል። ለጉበት መርዙ በብዙ አገር ሲሰጡ ከኖሩት መድኃኒቶች አንዱ ፔኒሲሊን ነው፤ ከሻጋታ የወጣው ያው ፔኒሲሊን።

በብዙ አገር ቁስል ላይ የደረቀ እንጉዳይ ዱቄት መነስነስ ልማድ ነበር፤ ደም ያቆማልና። ዛሬ ግን እንዲህ ያለ ዱቄት፣ አመድም ሆነ እበት በቁስል ላይ ወይም በሕፃን እትብት ላይ አታድርጉ። ቴታነስ የሚገባው በዚህ በኩል ነው። ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ ጫን ብላችሁ ያዙና ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

እንግዲህ ታሪኩ ይህን ይመስላል። የጉና ሥር እናቶች «የጅብ ጥላ ነው፣ አትንካ» ሲሉ ልጆቻቸውን ጠብቀዋል። እኛም ያንን ቃል ለመስኩ እንጉዳይ እንደያዝን እንቆይ። ከአምራቹ የገዛነውን በደስታ እንብላ፣ ከመድኃኒት ቤት የታዘዘልንን በሰዓቱ እንዋጥ፣ ገብሳችንን ለቅመን እናስፈጭ።

ሐምሌ ሳይገባ ይህን ጽሑፍ ገብስ ለሚያመርት ዘመድ፣ ልጆቿ ከብት ለሚጠብቁላት እናት፣ የመውለጃዋ ጊዜ ለተቃረበ እኅት አድርሱልኝ። ስልክ ለሌላቸው አንብቡላቸው። ጥያቄ ካላችሁ ጻፉልኝ።